ሄሊዮቪወር፦ ሬዲዮዬ ዝም ያለበትን ደቂቃ ፀሐይ ላይ ያገኘሁበት ድረ ገጽ

ለቸኮለ ሰው አስቀድሜ ልናገር። ሄሊዮቪወር ነፃ ነው። ምዝገባ የለውም፣ የይለፍ ቃል የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ "ሄሊዮቪወር ነጥብ ኦርግ" ብላችሁ ትገባላችሁ። ቀንና ሰዓት ትመርጣላችሁ። የዚያን ሰዓት ፀሐይ ታያላችሁ፣ በቃ። የሚደግፉት ናሳና የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ናቸው። እኔ አንድ ዓመት ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ከአምስት ኮከብ አምስቱንም ሰጥቼዋለሁ። ምክንያቴን ለመናገር ግን ከአንድ ሐሙስ መጀመር አለብኝ።

እኔ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነኝ። ጎዴ ላይ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ፣ ኤችኤፍ (አጭር ሞገድ) ሬዲዮ ፊት ተቀምጬ መኪኖቻችንን እከታተላለሁ። ኔትወርክ በማይገባበት መንገድ ላይ ሹፌሮቻችን ያላቸው እኔን ብቻ ነው። በየሰዓቱ "ቤዝ፣ ቤዝ" ብለው ይጠሩኛል። የት እንደደረሱ ይነግሩኛል፣ እኔም መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ።

መስከረም 23 ቀን 2017፣ ሐሙስ። አንዷ መኪናችን ከቀላፎ እየተመለሰች ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሹፌሩ አነጋገረኝ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሬዲዮው ዝም አለ። ዝም አለ ስል የሰው ድምፅ ጠፋ ማለቴ ብቻ አይደለም። ኤችኤፍ ላይ የሠራ ሰው ይገባዋል፤ ማንም ባያወራ እንኳ ሁልጊዜ የሚሰማ ሽሽታ አለ። እሱ ራሱ ጠፋ። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን የቆረጠው ነው የመሰለኝ።

ወጣሁ። አንቴናው እንዳለ ነው። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ማያያዣዎቹን ፈትቼ እንደገና አጠበቅኩ። ምንም የለም። የ10 ሰዓቱ ጥሪ ደረሰ፣ ሹፌሩ አልገባም። "ሞባይል 4፣ ሞባይል 4፣ ቤዝ ነኝ" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። የዚያን መንገድ አደጋ የሚያውቅ ሰው ሆዴ ውስጥ ምን እንደነበረ ያውቃል። ከ10 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሽሽታው ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። "ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ? ስጠራ ስጠራ ነበር እኮ!"

እሱም መንገድ ላይ ሆኖ እኛን ፈርቶልን ነበር።

ሪፖርቱ ላይ "የአንቴና ብልሽት፣ በኦፕሬተሩ የክትትል ጉድለት" ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩ። ምን ብዬ ልከራከር? ልቤ ግን አልተቀበለውም። ያንን አንቴና የማጸዳው እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ለእረፍት አዲስ አበባ ገባሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። ቡና እየተጠጣ ነገሩን አነሳሁት።

"ጋሼ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ታስታውሳለህ?" አለችኝ።

መዝገብ የሚጽፍ ሰው ቀንና ሰዓት አይጠፋውም። ነገርኳት። ስልኳን አወጣችና ሄሊዮቪወርን ከፈተች። ድረ ገጹ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ትጨምራላችሁ። የኔ 9፡18 እዚያ 12፡18 ነው። ቀኑን ደግሞ ወደ ፈረንጆቹ ቀየረችው፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2024። ከዚያ ስልኩን አዞረችልኝ።

ሰማያዊ አረንጓዴ የተቀባች ፀሐይ። ከመሀሏ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብልጭታ። ከብልጭታው ግራና ቀኝ እንደ መስቀል የተሰነጠቁ የብርሃን መስመሮች ይወጣሉ። መስመሮቹ ፀሐይ ላይ የሉም። ካሜራው ፊት ያለውን ስስ ማጣሪያ ከሚደግፈው የሽቦ መረብ የመጡ ናቸው። ብርሃኑ ሲበዛ መረቡ ላይ ተበትኖ እንደዚያ ይታያል። አንድ ደቂቃ ወደኋላ፣ አንድ ደቂቃ ወደፊት አደረገችው። ብልጭታው ሲያብጥ፣ ሲጎላ፣ ሲከስም አየሁ። የፀሐይ ፍንዳታ ነው። ደረጃው ኤክስ 9.0 ነበር፣ ኤክስ ከፍተኛው ምድብ ነው፤ በዚህ 11 ዓመት ያህል በሚፈጀው የፀሐይ ዑደት እስከዚያ ቀን ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ። የኔ ሬዲዮ የሞተው ልክ ያኔ ነው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። የሁለት ወር ጥያቄ በአንድ ሥዕል ሲመለስ እንዲህ ያደርጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍንዳታው ኤክስሬይና አልትራቫዮሌት በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ በ8 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ምድር ይደርሳል። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአየር ንብርብር ኤሌክትሪክ ያሲዘዋል። ያ ንብርብር ደግሞ የኤችኤፍን ሞገድ ይውጠዋል፤ የሩቁን ሽሽታ ጭምር። ለዚህ ነው ድምፁም ሽሽታው አብሮ የጠፋው። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ይጎዳል፣ ከፍ ያለው ይሻላል። ይህንን ያን ቀን ባውቅ ኖሮ ጣሪያ ላይ አልወጣም ነበር፤ ቻናል ነበር የምቀይረው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ሄሊዮቪወር ምስሎችን በንብርብር ያሳያል። አንዱን በሌላው ላይ ትደርባላችሁ፣ የላይኛውን አሳስታችሁ የታችኛውን ታያላችሁ። አብዛኛው ምስል የሚመጣው ኤስዲኦ ከተባለው የናሳ ሳተላይት ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኛ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፀሐይን በየ12 ሰከንዱ በብዙ የአልትራቫዮሌት ዓይነት ያነሳታል። አንዱ ፎቶ 4,096 በ4,096 ነጥብ ነው። ድረ ገጹ ግን ያን ሁሉ በአንዴ አያወርድባችሁም። የምታዩትን ቁራጭ ብቻ፣ በምታዩት መጠን ይልካል። ጎዴ ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀለሞቹ የተቀቡ ናቸው። አልትራቫዮሌት ለዓይን ስለማይታይ ለየአንዱ አንድ ቀለም ተሰጥቶታል። ቀለም ግን ለጌጥ አይደለም፣ ሙቀት ይናገራል። ስማቸው ቁጥር ነው፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት። 304 የሚለው ቀዩ 50 ሺህ ዲግሪ አካባቢ ያለውን ያሳያል። 171 የሚለው ወርቃማው 600 ሺህ ዲግሪ አካባቢ ነው። 131፣ ያ ሰማያዊ አረንጓዴው፣ በፍንዳታ ጊዜ 10 ሚሊዮን ዲግሪ የደረሰውን ይይዛል። ይህን ካወቃችሁ ሥዕሉን ማንበብ ትጀምራላችሁ።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ልምምድ አለ። ቀኑን ግንቦት 2 ቀን 2016፣ በነሱ ሜይ 10 ቀን 2024 አድርጉት። ያን ሰሞን ፀሐይ ላይ 15 ምድር ጎን ለጎን የሚያስተኛ የጥቁር ነጥቦች ስብስብ ነበር፤ በዚያው ቀን ማታ ምድርን የመታው ማዕበል የሰሜን ዋልታን የሰማይ ብርሃን ብዙ አገር አውርዶ አሳይቷል። ድረ ገጹ ትንሽ የምድር ሥዕል ለማነጻጸሪያ ያስቀምጥላችኋል። እሷን ከነጥቦቹ ጋር ስታስተያዩ ዝም ትላላችሁ። መጀመሪያ "ማግኔቶግራም" የሚለውን ንብርብር ክፈቱ። ፀሐይ ግራጫ ትሆናለች፣ ነጭና ጥቁር ጠቃጠቆ ይወጣባታል። ነጩ የማግኔት መስኩ ወደኛ የሚመጣበት፣ ጥቁሩ ከኛ የሚሸሽበት ነው። ከዚያ 171ን ከላይ ደርቡበት። ከነጩ ተነስተው ጥቁሩ ላይ የሚያርፉ ወርቃማ ቀስቶች ታያላችሁ። እኔ ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ፀሐይ ላይ የሚፈነዳው እሳት አይደለም። ማግኔት ነው።

የእህቴ ልጅ ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። የማግኔት መስመሮቹ እግራቸው ፀሐይ ገላ ውስጥ ተተክሏል። ያ ገላ እንደ ገንፎ ፍል ፍል ይላል፤ እያንዳንዱ ፍልፍልታ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በዚያ ላይ ፀሐይ እንደ ድንጋይ ባንድነት አትዞርም። ወገቧ በ25 ቀን ሲዞር ዋልታዋ አካባቢ 35 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የመስመሮቹ እግር ያለማቋረጥ ይጎተታል። መስመሮቹ ይጠማዘዛሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጠመጠማል፣ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። በጥቁሮቹ ነጥቦች ላይ መስኩ እስከ 3,000 ጋውስ ይደርሳል፤ ጋውስ የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው። እኛ አገር ኮምፓስ የሚያዞረው ግማሽ ጋውስ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ጉንጉን የታመቀ ጉልበት ነው፣ የተሳበ የወንጭፍ ላስቲክ።

ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው መስመሮች ተገፍተው ሲጣበቁ መሀላቸው በጣም ስስ የኤሌክትሪክ ንጣፍ ይፈጠራል። እዚያ ላይ መስመሮቹ ይበጠሳሉ፣ ወዲያውም በሌላ አኳኋን ይጋጠማሉ። አዲስ የተጋጠመው መስመር አጭርና የተወጠረ ስለሆነ ላስቲኩ ይለቀቃል። ኤሌክትሮኖች ተወንጭፈው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ታች ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ይመቱታል። ጋዙ ከ10 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይሞቅና ወደ ላይ ተግተልትሎ ቀስቶቹን ይሞላል። 131 ላይ ያየሁት ነጭ ብልጭታ ይህ ነው።

ልጅቷ ወረቀት ላይ አንድ ስሌት ሠራችልኝ። እጅግ ትላልቆቹ ፍንዳታዎች 1 ብላችሁ 25 ዜሮ የምታስከትሉበት ጁል ያህል ጉልበት ይለቃሉ። የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋቱን ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢያመነጭ ያንን ለመድረስ 60 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይወስድበታል። ፀሐይ ዋናውን ክፍል የምትለቀው በደቂቃዎች ነው። ሳይንቲስቶቹን ለብዙ ዓመት ያስቸገራቸውም ይኸው ፍጥነት ነበር። ፒተር ስዊትና ዩጂን ፓርከር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት የመጀመሪያ ስሌት ከእውነተኛው እጅግ ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። ንጣፉ ራሱ እየተቆራረጠ ነገሩን እንደሚያፋጥነው የተረዱት ኋላ ነው።

ቸኩላችሁ እንዳትዘጉት። የመስከረም 23ቱን ፍንዳታ ካያችሁ በኋላ ወደ 171 ተመለሱና ሰዓቱን ወደፊት ግፉት። የሞቀው ጋዝ እየበረደ ሲመጣ ወርቃማ ቀስቶች ተራ በተራ ተሰልፈው ብቅ ይላሉ። እንደ ጎጆ ቤት ማገር ናቸው። 304 ላይ ደግሞ ከዚያ ከፍታ እየበረደ ወደ ታች የሚንጠባጠብ ነገር የሚታይበት ጊዜ አለ፤ የፀሐይ ዝናብ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ እሱን ስመለከት አድሬያለሁ።

አሁን ወደ ኮሮና። ቃሉ ለኛ በሽታውን ነው የሚያስታውሰን፤ ትርጉሙ ግን ዘውድ ነው። ቫይረሱም ስሙን ያገኘው ዙሪያውን በከበበው ዘውድ መሰል ነገር ነው። የፀሐይ ኮሮና ከገላዋ በላይ ያለው ስስ ከባቢ ነው። የፀሐይ ገላ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ኮሮናዋ ግን አንድ ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ነው። ከምድጃ ስትርቁ መብረድ ነበረባችሁ፤ እዚህ ግን በራቃችሁ ቁጥር ትቃጠላላችሁ። ነገሩ ከመጀመሪያውም ሰው አስቷል። በ1869 እ.ኤ.አ. ግርዶሽ ላይ ኮሮናው ውስጥ አንድ አረንጓዴ መስመር ታየ፣ ማንም የማያውቀው። አዲስ ንጥረ ነገር ነው ብለው "ኮሮኒየም" የሚል ስም እስከ ማውጣት ደረሱ። ከ70 ዓመት በኋላ ነው ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን የብረት ብርሃን መሆኑን ያሳየው፤ 13 ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀ ብረት። ብረትን እንደዚያ የሚገፍፈው ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ብቻ ነው።

ማሞቂያው ማግኔት መሆኑን ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ አኳኋኑ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ሀኔስ አልፍቬን በ1942 እ.ኤ.አ. በጻፈው ሞገድ ነው፤ መስመሮቹ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባሉ፣ ጉልበቱን ወደ ላይ ይዘውት ይወጣሉ። ሁለተኛውን በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ያው ፓርከር ነው። ሹሩባው በየቦታው በጥቃቅኑ ይፈታል፤ የአንዱ ጉልበት ከትልቅ ፍንዳታ አንድ ቢሊዮንኛ ነው፣ ብዛታቸው ግን ኮሮናውን ያለማቋረጥ ያሞቀዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሶላር ኦርቢተር የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር ፀሐይ ላይ ትናንሽ ብልጭታዎች ሲያነሳ ሳይንቲስቶቹ "የካምፕ እሳት" ብለው ጠሯቸው። በፓርከር ስም የተሰየመችው መንኮራኩር ደግሞ በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ አለፈች። ለእኔ የሁለተኛው ሐሳብ ያመዝናል። 171ን አጉልታችሁ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት በቪዲዮ እዩት። ጸጥታ የለም። የትም ቦታ ይብለጨለጫል።

ቪዲዮ መሥሪያውን በጣም ወድጄዋለሁ። የምትፈልጉትን ቁራጭ ትከልላላችሁ፣ ሰዓቱን ትመርጣላችሁ፣ ወረፋ ይዞ ይሠራላችኋል። ከሞባይል ዳታ ጋር የማይስማማው ይህ ክፍል ነው፤ እኔ ዋይፋይ ሳገኝ አወርዳቸዋለሁ። ሌላው መነገር ያለበት ቋንቋው ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ምህጻረ ቃልና ቁጥር ነው። የተሠራው ለተመራማሪ ነው፤ እኛ ገብተን መጠቀማችን በረከት ነው። አስተማሪዎች አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢያዘጋጁለት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ተአምር ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ ከፈለጋችሁ ግን ቦታው እዚህ አይደለም። ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ለዚያ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት (ኖአ) የጠፈር አየር ሁኔታ ማዕከል አለ፤ እሱም ነፃ ነው። የትኛው ፍሪኩዌንሲ የት አገር ላይ እየተዋጠ እንደሆነ በካርታ ያሳያል። እኔ ከዚህ በፊት ስልኬ ላይ ከፍዬ የጫንኩት አንድ አፕ ነበር። በየሌሊቱ "የፀሐይ ማዕበል!" እያለ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ሌሊት ፀሐይ ከምድር ጀርባ ናት፤ ፍንዳታዋ ሬዲዮዬን በቀጥታ አይነካውም። የመስከረሙ ነጥብ ራሱ ከሁለት ቀን በፊት በኤክስ 7.1 ፈንድቶ ነበር፣ በኛ ከሌሊቱ 7፡20 ላይ። መዝገቤን አየሁት፤ ያን ሌሊት ሁሉም ጥሪ ገብቷል። አፑን አጠፋሁት፣ ብሬ ግን አልተመለሰልኝም።

ለኛ አገር ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው፤ ፀሐይ የምትነካካው የላይኛው አየር ደግሞ እዚያ ወገብ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የማግኔት መለኪያውን ሲተክል አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ኮሮናውን በዓይኔ አላየሁትም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ሁላችንም ስለ ሌላው ኮሮና እያሰብን ቤት ተቀምጠን ነበር። ያኔ የሄደ ሰውም የፀሐይን ኮሮና አላየም፤ የቀለበቱ ብርሃን ይሸፍነዋል። ሙሉ ግርዶሽ ያስፈልጋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ጅዳና መካ ላይ ሙሉ ግርዶሽ አለ። እህቴ ጅዳ ናት የምትሠራው። ቀኑን ነግሬያታለሁ፣ አሠሪዎቿን ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቃለች።

ሥዕሉን አትሜ ከመዝገቡ ገጽ ጋር ለቢሮው አስገባሁ፣ የሪፖርቱ ቃል ተቀየረ። አሁን በየመኪናው ዳሽቦርድ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ "ሬዲዮው ከነሽሽታው ዝም ካለና ቀን ከሆነ፣ ፀሐይ ልትሆን ትችላለች። ወደ ላይኛው ቻናል ቀይሩ። ካልሠራ ደህና ቦታ ላይ ቁሙ፣ በየ10 ደቂቃው ጥሩኝ። ቤዝ እየሰማ ነው።"